«ኖር!» ለማለት የሚያስፈልግ ጉልበት

በፋሲካ ማግስት አጎቴን እንኳን አደረሰዎ ልላቸው ቤታቸው ሄድኩ። ገና ደፉን ስረግጥ ጋሼ እንደ ልማዳቸው «ኖር!» አሉና ሊነሱ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጫን አደረጉ። እስከ ግማሽ ተነሱ። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠና ተመልሰው ዘፍ አሉ። ቤት ሙሉ ሰው ባንድ አፍ «በእግዜር! ኧረ በሞቴ አይነሱ!» አለ፤ እኔም አብሬ አልኩ። እሳቸው ፈገግ አሉ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ያ ፈገግታ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የእፎይታ ፈገግታ ነበር። ጋሼ የተቀመጡት እኛ «በእግዜር» ስላልናቸው አይደለም፤ መነሳት ስላቃታቸው ነው። እኛ ደግሞ በጨዋነታችን ሸፈንንላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማነበውም የማወራውም ስለ ጡንቻ ሆኗል። ቡና ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ቃል እገባላችኋለሁ፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከወንበራችሁ ትነሳላችሁ።

ከቋንቋችን ልጀምር። በአማርኛ «ጉልበት» የእግር መታጠፊያ ነው፤ «ጉልበት» ደግሞ ኃይል ነው። አንድ ትልቅ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉን የትኛውን ማለታቸው ነው? እኛ መታጠፊያውን ነው ብለን ቅባት እንገዛለን፣ በፎጣ እንጠቀልላለን። መታጠፊያው የሚያምበት ጊዜ አለ፤ አይካድም። ብዙ ጊዜ ግን የከዳው ከመታጠፊያው ከፍ ብሎ ያለው የጭን ጡንቻ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታቸው እንዲሁ የሆነ ነገር አይመስለኝም። የሰው ኃይል የሚታወቀው ጉልበቱን አጥፎ ሲነሳ ነው።

የሥጋ ድህነት

ሽማግሌ እንደሚደክም ዓለም ሁሉ ድሮም ያውቅ ነበር። ነገሩ የራሱ ስም ያገኘው ግን በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ፣ ስለ አረጋውያን ጤና የሚመክሩ ሳይንቲስቶች ተሰብስበው ነበር። ከእነሱ አንዱ የሥነ ምግብ ተመራማሪው ኧርዊን ሮዘንበርግ ነበር። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የጡንቻ መመናመን ስም ስለሌለው ማንም ትኩረት አልሰጠውም አለና ከግሪክ ቃላት ስም ሰፋለት፦ «ሳርኮፔኒያ»። «ሳርክስ» ሥጋ ነው፣ «ፔኒያ» ድህነት። የሥጋ ድህነት ማለት ነው። እንዲህ ሲባል እኛ ጆሮ ላይ ከግሪኩም በላይ ያምራል።

ስም ማውጣት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ስም የሌለውን ነገር ሐኪም አይመዘግበውም፣ ተመራማሪ ገንዘብ አያገኝበትም። ያም ሆኖ በአሜሪካ የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የራሱን መለያ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እስከዚያ ድረስ «እርጅና ነው» እየተባለ ይታለፍ ነበር። እኛ ቤት አሁንም እንዲሁ ይታለፋል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ከ30 ዓመት አካባቢ ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ጡንቻችን ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። ኃይሉ ከሥጋው መጠን ቀድሞ ስለሚወርድ፣ እግሩ ገና ሙሉ የሚመስል ሰው ደረጃ ላይ ሊያቃስት ይችላል።

ሚዛንም አይነግረንም። የዚህ ነገር ተንኮል እዚህ ላይ ነው። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ቀይ ሥጋና ጮማ መለየት ማንም አያስተምረንም። የ25 ዓመት ወጣት ጭን በምርመራ መሣሪያ ተቆርጦ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ቀይ ሥጋ ነው። ሲቀመጡ የኖሩ የ75 ዓመት ሰው ጭን ደግሞ ዙሪያው ስብ፣ መካከሉም በስብ የተዥጎረጎረ ጮማ ይሆናል። የሁለቱ ጭን ውፍረት እኩል ሊሆን ይችላል። ሰውየው «ኪሎዬ እንደሆነ አልቀነሰም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሥጋው ወጥቶ ስቡ ገብቷልና ሚዛኑ ምንም አላየም።

ዶሮ የበለተ ያውቀዋል

አሁን የምነግራችሁ ነገር እኔን ራሴን ያስገረመኝ ነው። ዶሮ የበለተ ሰው የደረቷ ሥጋ ነጣ ያለ፣ የእግሯ ጠቆር ያለ መሆኑን ያውቃል። የደረቷ ጡንቻ ድንገት ብር ብላ አጥር ላይ እንድትወጣ የተሠራ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ቶሎ ይደክማል። የእግሯ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትጭር እንድትውል የተሠራ ነው፤ ዝግ ያለ ነው፣ ግን አይታክትም። እኛ ውስጥም ሁለቱ ዓይነት ክሮች አሉ። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ጡንቻችን ውስጥ ተደባልቀው መኖራቸው ነው።

እርጅና ሁለቱን እኩል አይነካም። ቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ ናቸው። እኛ የሩጫ አገር ሰዎች ስለ ጽናት ማውራት እንወዳለን፤ ዕድሜ ግን መጀመሪያ የሚሰርቀው በውስጣችን ያለውን የአጭር ርቀት ሯጭ ነው።

ለምን? አንዱ ምክንያት ነርቭ ነው። ከአከርካሪያችን የሚወጣ እያንዳንዱ የእንቅስቃሴ ነርቭ የራሱ የሆኑ ብዙ የጡንቻ ክሮች አሉት፤ «ተኮማተሩ» ሲላቸው ይኮማተራሉ። ዕድሜ ሲገፋ ከእነዚህ ነርቮች አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ክሮቹ ወላጅ አልባ ይሆናሉ። ታዲያ አጠገባቸው ያለ ሌላ ነርቭ እንደ ደግ ጎረቤት ቅርንጫፉን ዘርግቶ ያሳድጋቸዋል። አሳዳጊው ብዙውን ጊዜ ዝግ ያለው ዓይነት ስለሆነ ፈጣን የነበሩት ክሮች የአሳዳጊያቸውን ጠባይ ይይዛሉ፤ እነሱም ዝግ ይላሉ። አሳዳጊ ያላገኙት ደግሞ ይከስማሉ። በዚህ ላይ ጡንቻ የሚገነቡ ሆርሞኖች ይቀንሳሉ፣ የተጎዳ ክር የሚጠግኑት ሕዋሳት ይሰንፋሉ። ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ፕሮቲን ወደ ጡንቻ የመለወጥ ችሎታውም ይደክማል።

ፈጣኑ ክር ቢጠፋ ምን ይቀራል ትሉ ይሆናል፤ ሽማግሌ የት ሊሮጥ ነው? የምንጣፉ ጠርዝ እግራቸውን ሲይዛቸው አስቡ። ሰውነት ወደፊት ያዘነብላል። ሌላውን እግር ፈጥኖ ቀድሞ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ያንን እግር የሚወረውረው ፈጣኑ ክር ነው። እሱ ከሌለ አእምሮ «ወደቅሁ» ብሎ ሲያስብ ሰውየው መሬት ላይ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚሞቱት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከ3ቱ 1ዱ ገደማ ይወድቃሉ። እኛ ሰፈር «ከወደቁ በኋላ አልተነሱም» የተባለላቸውን ሰው የማያውቅ የለም። አጥንቱ መሰበሩን እናወራለን። ከአጥንቱ በፊት ጡንቻው መክዳቱን ግን አናወራም።

ጎተራው ሲጠብ

ጡንቻ ለመነሳትና ለመሸከም ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በምርኩዝ ያልቅ ነበር። ግን ሌላም ሥራ አለው። በልተን ስንጨርስ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር ኢንሱሊን ሲያዘው በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ጎተራ በሉት። ጎተራው ሲጠብ ስኳሩ ደጅ ያድራል፤ ደም ውስጥ ይከማቻል። የስኳር በሽታና የጡንቻ መመናመን ተያይዘው የሚሄዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ሥራው የክፉ ቀን ስንቅ መሆን ነው። ሰው የሳንባ ምች ሲይዘው ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሰውነቱ ቁስል ለመጠገንና በሽታን ለመዋጋት ፕሮቲን ይፈልጋል። የምግብ ፍላጎት በጠፋበት ሰዓት ያንን ከየት ያመጣል? ከጡንቻው እየቆረጠ ነው የሚወስደው። ስንቅ ያለው ይሻገራል፤ የሌለው መንገድ ላይ ይቀራል። ለመሳል፣ ለመዋጥ፣ በረጅሙ ለመተንፈስ የሚያስፈልገውም ጡንቻ መሆኑን አትርሱ። አክታውን በኃይል ማውጣት ያቃተው ሰው ሳንባው በቀላሉ ይታመማል።

አልጋ ደግሞ የጡንቻ ጠላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ጤነኛ ፈቃደኞች ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። አልታመሙም፤ ዝም ብለው ተኙ። በ10 ቀን ውስጥ ከእግሮቻቸው ብቻ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ። 1 ኪሎ! እኛ ደግሞ የታመመ ሽማግሌ ስንጠይቅ «ይተኙ፣ እንዳይንቀሳቀሱ፣ ውሃውን እኔ ላምጣልዎ» እንላለን።

የእጅ ጭብጥ እንኳን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ በ17 አገሮች 140,000 የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ሰዎቹ አንድ መሣሪያ በእጃቸው ጨምቀው ኃይላቸው እንዲለካ አደረገ። የጭብጡ ኃይል በ5 ኪሎ ዝቅ ባለ ቁጥር በክትትሉ ወቅት የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሞትን በመተንበይ የላይኛውን የደም ግፊት ቁጥር እንኳን በለጠ። እጅ መላላት ሰውን ይገድላል ማለት አይደለም፤ እጅ የመላው አካል መስታወት ነው ማለት ነው። እናቶቻችን ይህን ያለ መሣሪያ ያውቁታል። ያጠቡትን ብርድ ልብስ መጭመቅ ሲያቅታቸው፣ የማር ማሰሮውን ክዳን ለልጅ ሲሰጡ፣ ሙቀጫው ሲከብድ።

አንድ ወንበርና አንድ ስልክ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። መመርመሪያው እኔንም ያስቀኝ ነበር፤ ወንበርና የስልኬ ሰዓት ብቻ። ወንበሩን ግድግዳ አስደገፍኩት። «ክንድዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና አምስት ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። «አሁን ይሄ ምኑ ነው ፈተናው?» አሉ። አንደኛውን ወደፊት ጎንበስ ብለው ተነሱ። ሁለተኛውን ለመነሳት ሁለት ጊዜ ተወዛወዙ። ሦስተኛው ላይ ክንዳቸው ሳያዝዙት ከደረታቸው ወርዶ ወንበሩን ያዘ። ቀና ብለው አዩኝና «ምን አደረግኸኝ አንተ ልጅ?» አሉ።

የአውሮፓ ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ያወጡት መመሪያ እንደሚለው፣ አምስቱን በክንድ ሳይደገፉ ለመጨረስ ከ15 ሰከንድ በላይ የፈጀበት ሰው ጡንቻው እንደደከመ ይጠረጠራል። በጭብጥ ከሆነ ለወንድ ከ27 ኪሎ፣ ለሴት ከ16 ኪሎ በታች መሆን ያሰጋል። የእርምጃ መለኪያም አለ። 4 ሜትር ለክታችሁ በተለመደ እርምጃ እንዲሄዱ አድርጉ፤ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደ ነገሩ ጠንክሯል። መሣሪያም ሰዓትም ከሌለ ጠይቁ። 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ማንሳት ይከብዳል? ክፍሉን አቋርጦ መሄድስ? ከአልጋ መነሳት? 10 ደረጃ መውጣት? ባለፈው ዓመት ወድቀዋል? መልሱ «አዎ» እየበዛ ከመጣ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ከድካሙ ጀርባ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ በሽታ ተደብቆ ሊሆን ይችላልና።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናዘዝ። አምስቱን ጊዜ እኔም ሞከርኩት። ስንት ሰከንድ እንደፈጀብኝ አልነግራችሁም።

መጦር ማለት ማስቀመጥ ነው?

የወዳጄ እናት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ፤ ልጃቸው ልትጦራቸው ነው የወሰደቻቸው። አዲስ አበባ ሳሉ በሌሊት ተነስተው ዳገቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር፤ ገበያ ወርደው ጎመኑን ራሳቸው መርጠው ይሸከማሉ፣ ሊጡን ራሳቸው ያቦካሉ፣ ቡናውን ዱካ ላይ ተቀምጠው ያፈላሉ። ዱካ ዝቅ ያለ ነው፤ ጀበናውን ለማውረድ፣ ረከቦቱን ለማቅረብ፣ እጣኑን ለመጨመር በአንድ ጠዋት ስንቴ እንደሚነሱ ማን ቆጥሯል? እዚያ ሄደው አሳንሰር፣ መኪና፣ ስምጥ የሚል ሶፋ፣ ውጭው በረዶ። «እማዬ አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ፤ ብዙ ደክመሻል» ተባሉ። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ከሶፋው ለመነሳት ሰው መጥራት ጀመሩ። ልጅቱ ያጠፋችው ነገር የለም። ከእኛ ማንኛችንም የምናደርገውን ነው ያደረገችው።

«ጡረታ» የሚለው ቃላችን ከ«መጦር» የመጣ ነው። መጦርን ደግሞ ማስቀመጥ አድርገን ተረድተነዋል። ትልቅ ሰው ዕቃ ሲያነሳ አይተን ዝም ካልን ነውር ነው፤ ከእጁ እንነጥቃለን። ፍቅር ነው፣ አክብሮት ነው፣ ለእኔ ግን አሁን ሌላ ነገርም ሆኖ ይታየኛል። ያልተሠራበት ጡንቻ ይከስማል። በእያንዳንዱ «እኔ ላምጣልዎ» ከአረጋውያኑ አንዲት እንቅስቃሴ እንወስዳለን። እንደ ጠብታ ናት፤ ስትጠራቀም ግን ጉልበት ታሳጣለች።

ዕድሜን መመለስ አንችልም። የወሰድነውን እንቅስቃሴ ግን መመለስ እንችላለን።

በ90 ዓመት የሚጀመር ነገር

«አሁን ምን ይሆናል፣ መሽቷል» ለሚሉ አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሐኪሟ ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ 10 አቅመ ደካማ ሰዎችን መረጡ። ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ ነበር። ቀላል የእጅ ማወዛወዝ አላሠሯቸውም። ለ8 ሳምንት የእግር ክብደት አነሱ፣ ያውም ከሚችሉት ወደ ጣሪያው የቀረበ ክብደት። አንዱ አቋረጠ፤ የጨረሱት የእግር ኃይላቸው በአማካይ 174 በመቶ አደገ። 10 ኪሎ ያነሳ የነበረ እግር 27 ኪሎ አነሳ እንደማለት ነው። ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ። ይኸው ቡድን ከ4 ዓመት በኋላ 100 ሰዎች ይዞ ደገመው። ክብደት ያነሱት በረቱ። ሳይሠሩ ተጨማሪ ምግብ ብቻ የተሰጣቸው ግን አልበረቱም።

ለዚህ ድካም ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ያለው ይኸው ነው፤ ጡንቻን ከለመደው በላይ ማሠራት። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «እኔ እኮ በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ» ስንል ነው። መሄድ ለልብ ግሩም ነው፣ አትተዉት። ነገር ግን ሜዳ ላይ ዝግ ብሎ መሄድ በአብዛኛው የሚያሠራው የማይታክቱትን ክሮች ነው፤ ፈጣኖቹ የሚነቁት ሲከብድ ነው። ደረጃ ሲሆን፣ ጀሪካን ሲሆን፣ ከዝቅታ መነሳት ሲሆን።

ደግሞ አስቡት፣ ይህ ነገር ከአገራችን አልጠፋም ነበር። በሰሙነ ሕማማት የሚሰገደውን ስግደት አይታችኋል፤ እንኳን ሽማግሌ ወጣትም በማግስቱ ጭኑን ይዞ ነው ደረጃ የሚወርደው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በቀን ቢያንስ 17 ረከዓ ይሰግዳሉ፤ በየረከዓው ግንባር መሬት ይነካል፣ ሰውነት መልሶ ይነሳል። ጸሎት ስፖርት ነው አላልኩም፤ ጸሎት ጸሎት ነው። ነገር ግን በእምነታቸው ምክንያት እስከ እርጅና ድረስ ጉልበታቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ የኖሩ ሰዎች ሳያስቡት ሀብት አከማችተዋል።

ቤት ውስጥ የሚጀመረው ቀላል ነው። ከወንበር በክንድ ሳይደገፉ መነሳትና ዝግ ብሎ መቀመጥ፤ መጀመሪያ ከፍ ያለ ወንበር፣ ሲለምዱ ዝቅ ያለ። ግድግዳ በሁለት እጅ መግፋት። ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ማንሳት። አንድ ደረጃ መውጣትና መውረድ። በየእጁ 2 ሊትር ውሃ ይዞ ጓዳና ሳሎን መመላለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን፣ ለአረጋውያን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ 3 ቀንና ከዚያ በላይ ይመክራል። ቁልፉ መጨመር ነው፤ አሥሩ ሲቀል አሥራ ሁለት። የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም የቅርብ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ማቆም ነው።

ሻይ በዳቦ ጡንቻ አይሠራም

ሁለተኛው ነገር ማዕድ ነው። የሸመገለ ጡንቻ ጆሮው ይደነቁራል ልበላችሁ። ወጣት ጡንቻ ትንሽ ፕሮቲን ሲመጣለት ሰምቶ ይገነባል፤ የሽማግሌው ግን ድምፁ ከፍ ካላለ አይሰማም። ስለዚህ ባለሙያዎች ለአረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ። ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው፤ ቢቻል በየማዕዱ ተከፋፍሎ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ስኒ ሙሉ የበሰለ ምስር 18።

አሁን የእናቶቻችንን ቀን ተመልከቱ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን ጫፍ ጫፉን የተቀመሰ እንጀራ፣ ማታ «አልራበኝም»። እንቁላሉ ለልጅ ልጅ ይሰጣል፤ ሥጋው በጉርሻ ያልፋል። ጥርሱ ሲጎድል ደግሞ የሚታኘክ ሁሉ ይቀራል።

ጾሙስ? አንድ ምእመን የቤተ ክርስቲያኑን አጽዋማት ሁሉ ቢጾም በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። ደግነቱ ማዕዳችን መልሱን ይዞታል። ጥራጥሬ የሚጎድለው ጤፍ ውስጥ፣ ጤፍ የሚጎድለው ጥራጥሬ ውስጥ አለና እንጀራና ሽሮ ሲገናኙ ይሟላሉ። ጣጣው ውሃው ላይ ነው። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ቀጥኖ ለአምስት ሰው ሲዳረስ ግን ለአንዱ የሚደርሰው እፍኝ አይሞላም። ለትልቅ ሰው ተጋቢኖ ይሁን፣ ምስሩ ወፈር ይበል፤ ጥርስ ለሌለው እልበት አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለከበዳቸው ደግሞ ከንስሐ አባታቸው ጋር መመካከር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማንና ለደካሞች በር አልዘጋችም። ረመዷን ላይም ሱሁሩ ውሃና ተምር ብቻ አይሁን። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

ጋሼ በግንቦት ጀመሩ። ከቁርስ በፊት አምስት ጊዜ፣ ከራት በፊት አምስት ጊዜ፤ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ትራስ ተደርቦ። ሐምሌ ላይ ትራሱ ወጣ። አክስቴ «ቤቱን የወታደር ሰፈር አደረግኸው» እያለች ብታማኝም፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ የምትቆጥረው እሷ ነበረች።

በመስቀል ዕለት ደግሜ ሄድኩ። ደፉን ስረግጥ «ኖር!» አሉ። «በእግዜር» አፌ ላይ መጣና ያዝኩት። ጋሼ ጎንበስ አሉ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ ቆሙ። ያኔ ነው «በእግዜር!» ያልኩት።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ትልቅ ሰው ሊነሳላችሁ ሲል «አይነሱ» ለማለት አትቸኩሉ። ጠጋ በሉ፣ እንዳይወድቁ ክንዳችሁን አዘጋጁ፣ ግን ጠብቁ። መጀመሪያ ይነሱ።